የጎንፋ አንድ ድምፅ

ጎንፋ አሜሪካ ውስጥ ሪችፊልድ በምትባል ከተማ የተማሪዎች አውቶቡስ ይነዳል። ጠዋት ልጆቹን ካወረደ በኋላ እስከ ከሰዓት ድረስ ሥራ የለውም፤ ሌሎቹ ሾፌሮች ሲያንቀላፉ እሱ ያነባል። የሚያነበው ደግሞ ሌላ ሰው የማይጠጋውን ነው፤ የዛሬ መቶ ሠላሳና መቶ አርባ ዓመት አሜሪካኖች ፕሬዚዳንት ሲመርጡ እንዴት ይናከሱ እንደነበር። ለዛሬዎቹ ፖለቲከኞች ግድ የለውም። እንደ ፈረንጆቹ በ1888 ሪፐብሊካንና ዴሞክራት በቀረጥ ጉዳይ እንዴት እንደተፋጠጡ ጠይቁት እንጂ፣ ሻያችሁ እስኪቀዘቅዝ ያወራችኋል። በ1884 ኒውዮርክ ላይ፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው በመረጠበት ግዛት፣ አንድ ሺህ ያህል ድምፅ ብቻ ፕሬዚዳንቱን እንደወሰነ ሚስቱ ሲምቦ ሳይቀር በቃሏ ታውቀዋለች። ወድዳ ግን አይደለም።

በ2018 መኸር ላይ ምርጫው ከመጽሐፍ ወጥቶ ቤቱ ገባ። ጎንፋ አባል የሆነበት የኢትዮጵያውያን እድር ሊቀመንበር በቃኝ ሲሉ ሁለት ሰው ተጠቆመ፤ ጎንፋና ቦሩ። ቦሩ ክሪስታል በምትባል አቅራቢያ ከተማ መኪና ይጠግናል። የሃያ ዓመት ጓደኛው ነው፤ ጎንፋን በበረዶ ላይ መንዳት ያስተማረውም እሱ ነው። መጀመሪያ ሁለቱም ሳቁበት። ከዚያ የክሪስታል ሰዎች ስብሰባው ወደ እኛ ይምጣ፣ የሪችፊልዶቹ ደግሞ ባለበት ይቆይ ብለው ውሃ ቀጠነ ማለት ጀመሩ። ጎንፋ የ1888ቱ የቀረጥ ጠብ ከዚህ ይሻል ነበር እያለ ሲቀልድ ከረመ፣ የቦሩ ደጋፊ ኩምሳ፣ ሰውየው አውቶቡስ እንጂ እድር መንዳት አይችልም ማለቱን እስኪሰማ ድረስ። ዋለ የተባለው የጎንፋ ደጋፊም ዝም አላለም፤ ቦሩ የጠገነው መኪና በሳምንቱ ተመልሶ ይቆማል ብሎ አስወራ። ሁለቱ ጓደኛሞች ሆድና ጀርባ ሆኑ፤ ስልክም ቀረ።

የምርጫው ቀን ለስልሳ አንድ አባል ወረቀት ታደለ። ጎንፋ ጥግ ይዞ የራሱን ስም ሊጽፍ ሲል እጁ እምቢ አለው። ሰው እንዴት ብሎ እኔ እሻላለሁ ብሎ በገዛ እጁ ይጽፋል? ይሉኝታ አሸነፈው። “ቦሩ” ብሎ ጻፈና አጥፎ ከተተ። ያን ሁሉ መጽሐፍ ያነበበ ሰው!

ቆጠራው ሲያልቅ ቦሩ ሠላሳ አንድ፣ ጎንፋ ሠላሳ ሆነ። ወንበሩን ምን ያህል ይፈልገው እንደነበር ያወቀው ያኔ ነው።

የባሰው ግን በማግስቱ መጣ። ዋለ ሠላሳ አንድ ሰው ቃል እንዳስገባ፣ ጎንፋንም ጨምሮ አንድ በአንድ እንደቆጠረ፣ ስለዚህ አንድ ድምፅ እንደተሰረቀ እየዞረ ተናገረ። አዲስ እድር እናቋቁም ብሎ ፊርማ ማሰባሰብም ጀመረ። ጎንፋ በ1876 ተሰረቅን፣ አልተሰረቃችሁም ሲባባሉ አገር ለወራት መታመሱን አስታወሰ። የጠፋው ድምፅ የት እንደገባ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ቢናገር የከተማው መሳቂያ ሊሆን ነው። ዝም ካለ ደግሞ እድሩ ለሁለት ሊሰነጠቅ፣ ቦሩም ዕድሜውን በሙሉ ሌባ ሲባል ሊኖር ነው። ለሲምቦ ሲነግራት ትስቃለች ብሎ ነበር፤ አልሳቀችም፤ ቦሩ ሲሰደብ እያየህ እንቅልፍ ይወስድሃል ወይ ብላ ብቻ ጠየቀችው።

ጎንፋ በሚያነብበት በዚያ በድሮው ዘመን በምርጫ የተወራረዱ አሜሪካኖች ነበሩ፤ የተሸነፈው ያሸነፈውን በእጅ ጋሪ ጭኖ በዋናው መንገድ ይገፋል፣ ከተማው ያጨበጭባል፣ ጠቡም በዚያው ያበቃል። ጎንፋ ይህንን ገጽ ብዙ ጊዜ አንብቦታል። ዋለ ቅዳሜ ዕለት ፊርማውን ሊያነብ አባላቱ የእድሩ መሰብሰቢያ አዳራሽ ፓርኪንግ ላይ ሲሰበሰቡ፣ ጎንፋ ከጎረቤቱ የተዋሰውን ባለ አንድ ጎማ ጋሪ ከቫኑ አወረደ። ቀጥ ብሎ ወደ ቦሩ ሄደና የአሸናፊ ወግ ነው፣ ተቀመጥ ብሎ ለመነው። ለቦሩ ጎንፋ ያበደ መሰለው። ሰው ሁሉ ሲያያቸው ግን ጨንቆት ተቀመጠ። ከባድ ሰው ነው፤ ጎንፋ ላቡ ጠብ እስኪል ገፋ።

ዋለ መንገዱን ዘጋባቸው።

“ጋሽ ጎንፋ፣ ዊን ያደረግኸው እኮ አንተ ነህ። አንድ ድምፅ ሰርቀውን ነው።”

“ማንም አልሰረቀም” አለ ጎንፋ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። “እኔ ራሴ ነኝ ለቦሩ ቮት ያደረግኩት። የራሴን ስም ለመጻፍ አፍሬ።”

ከኋላ አንዲት ሴት መሳቅ ጀመረች፤ ሳቁ ወደ ኩምሳ፣ ከኩምሳም ወደ ዋለ ተዛመተ። ዋለ ፊርማውን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ያልሳቀው ቦሩ ብቻ ነበር። አንገቱን ደፍቶ፣ ጎንፋ ብቻ እንዲሰማው ቀስ ብሎ ተናገረ።

“እኔ የራሴን ስም ነው የጻፍኩት። ልውረድ።”

ጎንፋ አልተናደደም። እንዲያውም ጓደኛው ከወር በላይ ዘግቶት ከርሞ ስላናገረው ደስ አለው። እጀታውን አጥብቆ ያዘ።

“አርፈህ ተቀመጥ” አለው። “የመረጥኩትን ሰው መንገድ ላይ ጥዬ አልሄድም።”