ስልሳ አንደኛዋ ተሳፋሪ

መናኸሪያው ውስጥ ጣፈጠች ደጉን በስሟ የሚጠራት የለም፤ «ባቡሯ» ነው የሚሏት። ቅጽል ስሙ የወጣላት ለሥልጠና ድሬዳዋ ተልካ፣ ከአዲስ አበባ በባቡር ሄዳ ወደ ሶዶ የተመለሰች ጊዜ ነው። ሌላው ከድሬዳዋ ሽቶና ሻሽ ሲያመጣ እሷ ወሬ ይዛ መጣች። ትኬቷ ላይ ስሟ ልክ እንደ መታወቂያዋ ተጽፏል። ወንበሯ ጋ ማንም ዝር አላለም። መተላለፊያው ላይ በርጩማ ዘርግቶ የተቀመጠ፣ ኬላ ሲደርስ «ጎንበስ በሉ» የሚባል ሰው አላየችም። «ባቡር ላይ ሰው ከበዛ ፉርጎ ይቀጠላል፤ እኛ ሰው ላይ ሰው እንቀጥላለን» ትላለች፤ ሹፌሮቹ እየሳቁባት ያልፋሉ። ስለ መንገድ ደኅንነት ስብሰባ በተጠራ ቁጥር እጇን አውጥታ ባቡሩ ወደ ሶዶ የሚገባው መቼ ነው ብላ ትጠይቃለች፣ ስብሰባውም ይስቃል።

ሥራዋ ስምሪት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከአንዲት ጠባብ መስኮት ጀርባ ተቀምጣ፣ ለሚወጣ አውቶቡስ ሁሉ የተሳፋሪዎቹን ስም በተራ ቁጥር ጽፋለች። አንዱ ቅጂ ከሹፌሩ ጋር ይሄዳል፣ ሌላው እሷ ጋ ይቀራል። ስልሳ ወንበር ካለ ስልሳ ስም ነው፤ ስልሳ አንደኛ የሚባል የለም። አለቃዋ አቶ ሀብተጊዮርጊስ ራሳቸው አንድ ዘመዳቸውን እንድትጨምር ለምነዋት እምቢ ብላቸዋለች። ከበሩ ውጭ ግን ሌላ አገር ነው። አውቶቡሱ መታጠፊያውን ዞሮ ከዓይን እንደራቀ ይቆማል፣ ትርፍ ሰውም ይገባል። ይህን የማያውቅ የለም። መንገደኛውን መውቀስ ደግሞ ነውር ነው፤ ሌላ ምን ቀርቦለት መረጠ?

እማማ ቦሼን ያወቀቻቸው በዚሁ በባቡር ሰበብ ነው። ከዓመታት በፊት ቀያሾች ከሶዶ ወጣ ብላ ወዳለችው ወደ ጉኑኖ መጥተው፣ የባቡሩ ሐዲድ በዚህ ያልፋል ብለው በእማማ ቦሼ ጓሮ ቀይ የተቀባ ችካል ተክለው ሄዱ። ጣፈጠች ወሬውን ስትሰማ ችካሉን ለማየት በሞተር ሄደች፤ እማማ ቦሼም ቆሎ አቅርበው አስጎበኟት፣ በዚያው ዘመድ ሆኑ። እማማ ቦሼ ችካሉ ላይ ፍየል አያስሩም። ዙሪያውን ያርማሉ፣ ሐዲዱ ያልፍበታል በተባለው ቦታ ላይም እንሰት አይተክሉም። ጎረቤት «ላም አለኝ በሰማይ» እያለ ይተርትባቸዋል። እሳቸው ግን የሚያስቡት ልጃቸውን ነው። መሲ አዲስ አበባ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ የምትመጣው በዓመት አንዴ ለወላይታ ዘመን መለወጫ ለጊፋታ ነው። ባቡሩ ሲገባ በየወሩ አያታለሁ ይላሉ።

ጊፋታ አልፎ ሰው ወደየሥራው የሚመለስበት ሳምንት ለጣፈጠች የዓመቱ መከራ ነው። ወላይታ ልጁን ያልላከበት ከተማ የለም። ሁሉም ለበዓሉ ይመጣል፣ ሁሉም አንድ ላይ ይመለሳል፣ መኪናው ግን ያው ነው። ባለፈው ዓመት በዚያ ሳምንት እሑድ ጠዋት መሲ መስኮቱ ጋ መጣች። ሁለት ቀን ተሰልፋ ወንበር አጥታለች። ሰኞ ካልገባች በቦታዋ ሌላ ሰው እንደሚቀጠር ከመድኃኒት ቤቱ በስልክ ነግረዋታል። ጣፈጠች ስልሳው ሞልቷል አለቻት። መሲ አልተከራከረችም። ፈንጠር ብላ ለእናቷ ደወለች፤ ከዚያ ግድግዳውን ተደግፋ ማልቀስ ጀመረች።

ጣፈጠች ሹፌሩን ጌታሁንን ወደ ጎን ጠራችውና መታጠፊያው ላይ መሲን እንዲያነሳት ለመነችው። ሃያ ሁለት ዓመት እምቢ ስትለው የኖረች ሴት ስትለምነው ገርሞት ሳቀና እሺ አላት። የመሲን ስም ዝርዝሩ ላይ አልጻፈችም፤ ካልጻፍኩት ሕጌን አልጣስኩም ብላ ራሷን አታለለች። መሲ በመስኮቱ እጇን አስገብታ ጨበጠቻትና ሻንጣዋን አንጠልጥላ ሮጠች።

ስምንት ሰዓት ላይ ወሬው ደረሰ። አውቶቡሱ ቁልቁለት ላይ የጭነት መኪና ልቅደም ሲል ገደል ገብቷል። ጌታሁን ሞቷል፣ ከተሳፋሪውም ብዙ ሰው አልቋል። ጣፈጠች ክፍሏን ዘግታ ወደ መሲ ስልክ ደወለች። ያነሳው ፖሊስ ነው።

«የስልኩ ባለቤት ምንሽ ናት?» አላት። «ከሞቱት መካከል ናት። ዝርዝሩ ላይ ያሉትን ሁሉ ለይተናል፤ እሷ ግን የለችበትም። ስሟ ማን ነው?»

ጣፈጠች ስልኩን ዘጋችው። ፈርታ ነው፤ ሌላ ስም አላወጣችለትም።

ውጭ ግቢው በሰው ሞልቷል። አቶ ሀብተጊዮርጊስ ደረጃው ላይ ቆመው የተሳፋሪዎቹን ዝርዝር ያነባሉ። የዘመዱ ስም የተጠራ ደረቱን እየደቃ ወደ መኪና ይሮጣል፣ ያልተጠራለት ትንፋሹን ይመልሳል። እማማ ቦሼ ከጉኑኖ በሞተር ደርሰው ከፊት ቆመዋል። ስልካቸው ጠዋት ከልጃቸው ጋር እያወሩ ባትሪው አልቆበት እንደተዘጋ ነው። ስልሳኛው ስም ተነቦ የመሲ ሳይጠራ ሲቀር ተደፍተው መሬት ሳሙ። ከዚያም ሰዉን እየገፉ መጡና የጣፈጠችን ሁለት እጅ ይዘው ይስሙ ጀመር።

«ጠዋት እምቢ አለችኝ ስትለኝ ተቀይሜሽ ነበር» አሏት በወላይትኛ። «እምቢታሽ ልጄን አተረፈልኝ። ውለታሽን እግዚአብሔር ይክፈልሽ።»

ዝም ብትል ዝም ይባል ነበር። ነገሩን የሚያውቀው ጌታሁን ብቻ ነው፤ ጌታሁን ደግሞ የለም። እማማ ቦሼ ደስ ብሏቸው ወደ ጉኑኖ ይመለሳሉ፤ መሲም ሬሳ ክፍል ስም አልባ ሆና ትተኛለች። ጣፈጠች አንድ እጇን አላቅቃ ዝርዝሩን ከአቶ ሀብተጊዮርጊስ ተቀበለች፤ ከስልሳኛው ስም በታች ባለው ባዶ ቦታ «61፣ መሠረት ጦና» ብላ የመሲን ሙሉ ስም ጻፈችና መለሰችላቸው። አቶ ሀብተጊዮርጊስ አነበቡትና ቀና ብለው እሷን አዩአት። እማማ ቦሼ ማንበብ አይችሉም። ስለዚህ በአፏ መናገር ነበረባት፤ ሹፌሩን የለመነችውንም፣ ፖሊሱ ያላትንም፣ ስልኩን መዝጋቷንም ሳታስቀር ነገረቻቸው።

እማማ ቦሼ የጣፈጠችን አንድ እጅ እንደያዙ ናቸው።

«ወንበር ነበራት?» አሏት።

«አልነበራትም።»

«ቆማ ነው የሄደችው?»

«ቆማ ነው፣ እማማ።»

ያን ጊዜ እጇን ለቀቁት።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ ለሁለት ሳምንት ኬላው ሁሉ ጥብቅ ሆነ፤ ትርፍ የጫነ ተቀጣ፣ ስብሰባ ተጠራ፣ ሻማ በራ። ከዚያ ሁሉም ወደ ነበረበት ተመለሰ። ጣፈጠች ጥፋቷን ጽፋ ሰጥታ ከደመወዟ ተቀጥታለች፤ ቅጣቱ አነሰኝ ትላለች። ዛሬም እዚያችው መስኮት ጀርባ ናት። ስብሰባ ላይ ስለ ባቡሩ ስትጠይቅ አሁን የሚስቅ የለም፤ የሚመልስላትም የለም። ዘንድሮ በጊፋታ ማግስት የመውጫ ወረቀት በሰጠች ቁጥር ክፍሏን ለሌላ ትታ እስከ መታጠፊያው በእግሯ እየሄደች ትቆም ነበር። አውቶቡሶቹ እያዩአት አለፉ፤ ቀጣዩን መታጠፊያ ዞረውም ቆሙ።

ጉኑኖ እማማ ቦሼ ጋ በየወሩ ትሄዳለች። ቡና ይቀርብላታል፤ ስለ መሲ ግን አይወራም። ችካሉ ቀለሙ ለቆ እዚያው ቆሟል፤ አልነቀሉትም። በዚህ ዓመት ግን ዙሪያውን እንሰት ተክለውበታል።