አራት በመቶ ባትሪ

መምህር ነቢዩ በአንኮበር ከተማ ፊዚክስ ማስተማር ከጀመረ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አንድ ቀን ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቹ፣ ከመጽሐፉ ወጣ ብሎ፣ ኮምፒውተር መረጃ ሲያጠፋ የግድ ኃይል እንደሚያወጣና እንደሚሞቅ አስረዳ። ትንሿን ምልክት መደምሰስ እንኳ በነፃ አይሆንም፤ የመጨረሻው ዝቅተኛ ወጪ በአካባቢው ሙቀት ይወሰናል፤ ሲቀዘቅዝ ይቀንሳል።

«ቲቸር፣ እንግዲያው እኛ አገር ማጥፋት ርካሽ ነዋ!» አለ ኤልሮኢ ከኋላ፣ እጆቹን በሹራቡ እጅጌ ሸጉጦ። ክፍሉ አውካካ።

አሁን ኤልሮኢ ክፍል ውስጥ የለም። ታጣቂዎች ወጣት እየለቀሙ መውሰድ ከጀመሩ ወዲህ አሥራ ዘጠኝ ተማሪዎች ተደብቀዋል። ነቢዩ የፈተና ምዝገባ እንዳያልፋቸው ቤት ለቤት ዞሮ ቅጽ አስሞላቸው። በየቅጹ ራስጌ፣ ሲመለስ እንዳይጠፋው፣ የተደበቁበትን ቤት ጻፈ። ቅጾቹን በስልኩ ፎቶ አነሳና ወረቀቱን አቃጠለ። የተጠነቀቀ መስሎት ነበር። ኢንተርኔት ከተቋረጠ ወር ስላለፈው፣ ዛሬ ጠዋት ፎቶዎቹን ራሱ ለፈተና ምዝገባ ቢሮው ለማድረስ የደብረ ብርሃን ሚኒባስ ተሳፈረ።

መንገድ ላይ፣ ጭጋግ ውስጥ፣ ሚኒባሱ ቆመ። ከፊት አምስት መኪና ተሰልፏል።

«ፍተሻ ነው። ስልካችሁን በእጅ ያዙ ተብሏል» አለ ረዳቱ።

ታጣቂዎቹ መንገዱን ከግራና ከቀኝ ይዘውታል፤ በመስኮት የሚወረወር ነገር አይሰወራቸውም። ነቢዩ ስልኩን ከፈተ። አራት በመቶ። ከተማው መብራት ካጣ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ያረጀውን ባትሪ ደግሞ ብርዱ ይጨርሰዋል። ፎቶዎቹን መርጦ አጠፋ። ስልኩ ወደ መጣያው አዛወራቸው፤ ለሠላሳ ቀን እዚያ ይቆያሉ። ስልኩ ውስጥ ያለውን ሁሉ ጠርጎ የሚያጠፋውን ትእዛዝ ነካ። «ባትሪው አነስተኛ ነው፤ መጀመሪያ ቻርጅ ያድርጉ።» መጣያውን ባዶ እንዲያደርግ አዘዘው። የመጠበቂያው ክብ ዞረ፣ ዞረ፤ ስክሪኑ ጠቆረ። ፎቶዎቹ ጠፍተው ይሁን ሳይጠፉ ማወቂያ የለውም።

«ምነው መምህር? በዚህ ብርድ ላብ አጠመቀህ!» አለችው አጠገቡ የተቀመጠችው ገብስ ነጋዴ፣ የኤልሮኢ አክስት አሰለፈች።

በጆሮዋ ነገራት። ፊቷ አመድ መሰለ።

«እትዬ አሰለፈች፣ እናንተ ካለፋችሁ ለኤልሮኢ እናት ይደውሉ። ሁሉም ካሉበት ይውጡ።»

አንድ ወጣት ታጣቂ መጥቶ ስልኩን ተቀበለው።

«ባትሪው ሞቷል» አለ ነቢዩ።

«ለሞተማ መድኃኒት ይዘናል» ብሎ ከኪሱ ፓወር ባንክ አወጣና ሰካው። ጓደኞቹ ሳቁ። ስልኩ ነፍስ ዘራ፤ የይለፍ ቁጥር ጠየቀ።

«ስንት ነው?»

«ረሳሁት።»

«ተው የኔ ልጅ፣ አስተማሪ ነው እኮ» አለች አሰለፈች።

«አስተማሪ ሆኖ አራት ቁጥር አይዝም? ውረድ አንተ!»

እሱን አወረዱ፤ ሚኒባሱን አሰናበቱ። ነቢዩ ቁጥሯን ከጭንቅላቱ ሊያጠፋት ታገለ። ሌላ ደረበባት፣ አባዛት፣ ገለበጣት። ንቅንቅ አላለችም። ዱላው ሲበረታ ከአፉ እንደምትወጣ ያውቃል። በሰደፍ ትከሻውን ሲሉት የተሳሳተ ቁጥር ነገራቸው። ደግመው መቱት፤ ሌላ ነገራቸው። አምስተኛው ላይ ስልኩ ግማሽ ደቂቃ ጠብቁ አለ። ስድስተኛው ላይ አምስት ደቂቃ። የተሳሳተ ቁጥር ጊዜ እንደሚገዛለት ያኔ ነው የገባው። ጎድኑ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ ሲል ሰባተኛውን ሰጣቸው። ስልኩ አንድ ሰዓት ጠብቁ አለ።

ታጣቂው ስልኩን ከነፓወር ባንኩ ድንጋይ ላይ አስቀምጦ አጠገቡ ቁጢጥ አለ።

«እኛ አንቸኩልም» አለው።

ነቢዩ ደም ተፋ። አሰለፈች ደውላም ከሆነ አሥራ ዘጠኝ ቤት በአንድ ሰዓት አይዳረስም። ሁለቱ ከገደሉ ማዶ ናቸው፤ ስልክ አይሠራም፣ በእግር ብቻ ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። ለስምንተኛው የሚሆን አራት ቁጥር ማሰብ ጀመረ።