ፀሐይ እስክትወጣ

ከዩኒቨርሲቲ የመጣችው መምህርት ጉድጓዱ አጠገብ ቆማለች። ከተፈናቃዮቹ ካምፕ የመጡት ሁለት እናቶች ጄሪካናቸውን ይዘው ከኋላዋ ናቸው። የሰፈራችን ሽማግሌ አጥሩን ተደግፈዋል። የወንድሜ ልጅ፣ የሱፍ ማቅለሚያው ባለቤት፣ እጁን ኪሱ ከትቶ ከቦዩ ማዶ ቆሟል። እኔ ከቦዩ ወዲህ፣ በገዛ ግቢዬ፣ አካፋዬን ይዣለሁ።

የማቅለሚያው እጣቢ በእኔ ፈቃድ በዚህ ቦይ በግቢዬ ያልፋል። ከግቢዬ ግርጌ ያለውን የጉድጓድ ውሃ የካምፑ ሰዎች ይጠጡታል። ውሃው ተበክሎ ከተገኘ ቦዩን እደፍናለሁ ብዬ ነበር።

መምህርቷ ስስ ፕላስቲክ የተቀባ ሁለት ቁራጭ መስታወት አወጣች። አንዱን ይዛ በመጣችው የምንጭ ውሃ፣ ሌላውን በጉድጓዱ ውሃ ነክራ ድንጋይ ላይ አስቀመጠች። ቅቡ የሚሠራው ፀሐይ ሲያገኝ ነው አለችን። ንጹሕ ውሃ የነካው ሰማያዊ ይሆናል፤ ቀለሙ ሱፉን እንዲይዝ የሚጨመረው ብረት ያለበት ውሃ የነካው ግን ቢጫ።

ጉም ነበር። ሁለቱም መስታወቶች ምንም ቀለም አላወጡም።

“አዩ እትዬ? ልዩነት የላቸውም። በሉ እንበተን” አለ የወንድሜ ልጅ።

“ፀሐይ አላገኙም” አልኩት።

“በደብረ ብርሃን ክረምት ፀሐይ ሊጠብቁ? እንግዲያው ጋቢ ላስመጣልዎት!”

“ጋቢ አለኝ።”

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “እህቴ፣ ደምሽ እኮ ነው። በዘመድ መካከል መስታወት ምን ይሠራል?”

“ይህን ውሃ የሚጠጡት እርስዎ አይደሉም” አልኳቸው።

ከእናቶቹ አንዷ ጄሪካኗን ገልብጣ ተቀመጠችበት። “እኛ እንጠብቃለን። ወረፋ ለምደናል” አለች። ጓደኛዋ ሳቀች።

ረፋዱ ላይ ጉሙ በአንኮበር በኩል ተገፈፈ። ይኼኔ የወንድሜ ልጅ ቦዩን ተሻግሮ መጥቶ ድንጋዩ አጠገብ ቆመ። ጥላው መስታወቶቹ ላይ አረፈ።

“ዞር በል” አልኩት።

“እትዬ፣ ሰው ፊት…”

“ከብርሃኑ ዞር በል።”

ዞር አለ። የምንጩ መስታወት ቀስ እያለ እንደ ተልባ አበባ ሰማያዊ ሆነ። የጉድጓዱ ቢጫ ሆነ። ሁላችንም እያየን ነበር።

የመጀመሪያውን አፈር ቦዩ ውስጥ ጣልኩ።

“እጣቢውን የት ላፍስሰው ታዲያ?” አለኝ የወንድሜ ልጅ።

“በደጅህ።”

እስኪደፈን ድረስ ማንም አካፋውን ሊቀበለኝ አልመጣም። እኔም አልጠየቅኩም። ስጨርስ ለእናቶቹ፣ “ከዛሬ ጀምሮ ከቤቴ ቧንቧ ቅዱ፤ በሩ አይዘጋም” አልኳቸው።

አካፋዬን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ሄድኩ።