በቀይ ክር የተሰፋው ፊልትሮ

በቅርቡ ከሻሸመኔ ወደ ሐዋሳ ስመጣ አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ሰማያዊ ጭስ እየተፋ ከፊታችን ያዘግም ነበር። ልጆቼ «መስኮት ይዘጋ!» ብለው ሲጮኹ እኔ ይባስ ብዬ የራሴን ዝቅ አደረግሁት። ዘይት የሚበላ ሞተር ሽታ ሌላውን ሰው ያስለዋል፤ እኔን ግን አሥር ዓመቴ ላይ ወስዶ ቁጭ ያደርገኛል። ልጆቹ እናታችን ነካ አደረጋት ብለው ተያዩ። አልፈርድባቸውም። አንድ ደህና ሞተር በገዛ እጄ ገድዬ እንደማውቅ ነግሬያቸው አላውቅም።

ያኔ በደርግ ጊዜ ነው፤ ሐዋሳን «አዋሳ» እንላት ነበር። አባቴ አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ነበረችው። ጠዋት ከሐይቁ ዳር፣ ከአሞራ ገደል ዓሣ ጭኖ ሻሸመኔ ላሉ ምግብ ቤቶች ያደርሳል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በቡሹሎ በኩል ካሉት ገበሬዎች ጎመንና ቲማቲም እየሰበሰበ ለከተማው ገበያ ያመጣል። ቆሮሶ የምንለው ዓሣ በእርጥብ ሣር ተሸፍኖ ነበር የሚጫነው፤ የሣሩና የዓሣው ሽታ ተቀላቅሎ ልብሳችን ላይ፣ ደብተራችን ላይ፣ የእናቴ ነጠላ ላይ ሳይቀር ይቀመጥ ነበር። ክፍል ውስጥ «ዓሣዋ መጣች» ይሉኛል። ብዙም አይከፋኝም፤ ከክፍላችን አባቱ መኪና ያለው እኔ ብቻ ነበርኩና ቢቀኑ ነው እል ነበር።

ያቺ መኪና በአንድ ወቅት ሞተሯ ደክሞ ወርዶ መታደስ ነበረበት። ፒስተኑን የሚያቅፉት ቀለበቶች፣ መካኒኮች ፋሻ የሚሏቸው፣ ያኔ እንደዛሬ ከሱቅ የሚነሱ አልነበሩም። አዲስ አበባ ያለው አጎቴ ስንቱን ደጅ ጠንቶ፣ ስንት ወር ጠብቆ በጋዜጣ ጠቅልሎ ላከልን። እናቴ ከመጽሐፍ ቅዱሷ ጋር ሳጥን ውስጥ ቆለፈችባቸው፤ የሥራው ቀን እስኪደርስ ድረስ ልጅ አጠገባቸው አልደረሰም።

ሞተሩን ያደሱት ጋሽ ከድር ነበሩ። ከስልጤ አገር የመጡ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው። ጋራዣቸው ምልክት የለውም፤ አንድ ትልቅ ግራር፣ አንድ የብረት ጠረጴዛ፣ ከሥሩ ዘይት የጠጣ ጥቁር መሬት፣ በቃ። ሥራ ሲጨርሱ አንድ ልማድ ነበራቸው። ሞተሩን ያስነሱና ከኪሳቸው ነጭ መሐረብ አውጥተው የጭስ ማውጫው አፍ ላይ ይይዙታል፤ ከዚያ ለባለመኪናው ያቀብሉታል። የኛ መሐረብ ነጭ እንደሆነ ተመለሰ። አባቴ አገላብጦ አየውና ሳቀ፤ «ከድር፣ በዚህማ ፊቴን ብጠርግበትም አያሳፍርም» አላቸው። የዚያን ቀን ቤት እስክንደርስ ድረስ እየዘፈነ ነበር የነዳው።

አሁን ወደ እኔ ጉድ ልምጣ። ቤታችን ውስጥ ቅዳሜ የመታጠብ ቀን ነበር። ጸሎት ቤታችንን መንግሥት ስለዘጋው እሁድ እሁድ በየቤቱ በተራ እየተሰበሰብን ነበር የምንጸልየው፤ እናቴም ማንም ይምጣ ማን እሁድን በቆሻሻ መቀበል ነውር ነው ባይ ነበረች። አንሶላው፣ መጋረጃው፣ የጫማችን ክር ሳይቀር ይታጠባል። የመኪናዋ እጥበት የኔ ድርሻ ነበር። አባቴ ደግሞ በየቅዳሜው ኮፈኑን ይከፍትና ክቡን የወረቀት አየር ማጣሪያ፣ ፊልትሮውን፣ አውጥቶ ጎማ ላይ እያንኳኳ የቡሹሎን አቧራ ያራግፈዋል። «ይሄን ነገር ጠብቂልኝ፤ ምትክ የለውም» ይለኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ አባቴ ወባ ጥሎት በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ይንቀጠቀጣል። እኔም ሥራውን ላግዘው ብዬ ኮፈኑን ከፈትኩ። ፊልትሮውን አውጥቼ ሳየው አመድ የመሰለ ነገር ነው። ባንኳኳው ባንኳኳው አልነጣ አለኝ። በኛ ቤት ደግሞ ቆሻሻ ነገር ምን እንደሚደረግ የታወቀ ነው፤ ገንዳ ውስጥ ነክሬ በልብስ ሳሙና እሽት እሽት አደረግሁት። ልብስ ማሻ ብሩሹንም አልነፈግሁትም። አጥሩ ላይ ፀሐይ ሲመታው እንዴት ያለ ንጣት! ሲደርቅ ግን እጥፋቶቹ ሦስት ቦታ ላይ ተቀደው አገኘኋቸው።

ግን መላ አላጣሁም። ትምህርት ቤት በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ የመስቀልኛ ጥልፍ ተምረናል፤ በቀይ ክር ስሜን የደንብ ልብሴ ኪስ ላይ ጠልፌ መምህሯ አሞግሳኛለች። በዚያው ክር፣ በዚያው ጥልፍ፣ ቀዳዳዎቹን ጥንቅቅ አድርጌ ሰፋኋቸውና መለስኩት። አባቴ ሲድን «ፊልትሮውን እኔ አራግፌዋለሁ» አልኩት። ጭንቅላቴን ዳሰሰኝና «በይ ከዛሬ ጀምሮ ይሄ ሥራ ያንቺ ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲያ እሱ አላየውም። እኔም ስፌቱ እንዳይታይ በየቅዳሜው ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር የማንኳኳው።

ወራት አለፉ። መጀመሪያ አባቴ የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥቶ «ምነው ቶሎ ጎደለ?» አለ። ቆይቶ በየሳምንቱ፣ ከዚያ በየጠዋቱ ዘይት መጨመር ጀመረ። ዘይት ደግሞ እንደልብ አይገኝም፤ አለ የተባለበት ሁሉ ሰልፍ ነው። ሰማያዊው ጭስ መጣ። ጉልበቷ ከዳ፤ አንድ ቀን የሞላ ዓሣ ጭና መንገድ ላይ ቀረችና ዓሣው ፀሐይ ላይ ተበላሸ። አባቴ ያን ቀን በእግሩ ነበር የገባው። ምሳም እራትም አልበላም።

በማግስቱ አሞራ ገደል ላይ፣ ሾፌሩና ዓሣ አጥማጁ በተሰበሰበበት፣ ንዴቱ አፉን አስከፈተው። «ከድር አዲሱን ፋሻ ለሌላ ሰጥቶ ለኔ አሮጌውን ነው የገጠመልኝ» አለ። መካኒክ ከስሙ በቀር ምን አለው? ወሬው በአንድ ሳምንት ውስጥ ከተማውን አዳረሰ። ከትምህርት ቤት ስመለስ በግራሩ በኩል አልፍ ነበር፤ ድሮ አራት አምስት መኪና የሚቆምበት ቦታ ባዶ ሆነ። ጋሽ ከድር ብቻቸውን የብረት ጠረጴዛቸው ላይ ተቀምጠው የታጠቡ የመፍቻ ቁልፎችን መልሰው ያጥቡ ነበር። አዘንኩላቸው፤ ግን እውነቱን ልናገር፣ እኔም አባቴን አምኜ ስለነበር «ለምን አጭበረበሩን?» እያልኩ ነበር ያዘንኩት። የኔ ስፌትና የሞተሩ ሞት ይገናኛሉ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩ።

ጋሽ ከድር በመጨረሻ ቤታችን ድረስ መጡ። አልተቀመጡም። «ዮሐንስ፣ ሞተሩ በሽማግሌ ፊት ይከፈት» አሉት አባቴን። «አሮጌ ፋሻ ከተገኘበት ወላሂ ዕቃዬን ሰብስቤ ከዚህ ከተማ እወጣለሁ።» አባቴም ተስማማ።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ፤ የዓሣ አጥማጆቹ ታላቅ የሆኑት የሲዳማው አዛውንት አቶ ሹራሞና ሁለት ጎረቤቶቻችን። ግራሩ ጥላ ሥር አሮጌ ጎማ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ከሰዓት በኋላ ትምህርት ስላልነበረ እኔም ከነደንብ ልብሴ አባቴን ተከትዬ ሄጄ ነበር፤ የመኪናዋ የፊት መከላከያ አጠገብ ቆሜ አንገቴን አስግጌ አያለሁ። ጋሽ ከድር ኮፈኑን ከፍተው መጀመሪያ የፊልትሮውን ክዳን አነሱ። ፊልትሮውን አወጡና ደርቀው ቀሩ። ቀዩን ክር እያዩ ነበር። ስፌቶቹ ዙሪያ መርፌው የበሳው ቀዳዳ ሁሉ ትልልቅ ሆኖ፣ ወረቀቱ እንደገና ተተርትሯል። ጣታቸውን አየር ወደ ሞተሩ በሚገባበት በካርቡራተሩ አፍ ውስጥ ከተው ሲያወጡት በላመ አቧራ ተሸፍኗል። ከዚያ ቀና ብለው ዓይናቸው የደንብ ልብሴ ኪስ ላይ አረፈ፤ ቀይ ክር፣ የመስቀልኛ ጥልፍ። ገባቸው። እኔም የዚያኔ ነው የገባኝ። ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

ጀርባቸው ለሽማግሌዎቹ ነበር። ፊልትሮውን ቱታቸው ውስጥ ሸጎጡትና ምንም እንዳላዩ ሥራቸውን ቀጠሉ።

ፒስተኖቹ ወጥተው ጠረጴዛው ላይ ሲደረደሩ ፋሻው ተበልቶ ምላጭ አክሏል፤ አዲስ ይሁን አሮጌ ማንም መለየት አይችልም። ሲሊንደሩም ተፋፍቋል። «አቧራ ነው የጨረሰው» አሉ ጋሽ ከድር። «አቧራ የዋጠ ሞተር እንዲህ ነው፤ ፋሻው ሲያልቅ ዘይቱ ወደ ላይ እየወጣ ይቃጠላል።»

አባቴ አልተዋጠለትም። «አቧራው በየት ገባ? ፊልትሮው ደህና ነው፤ ልጄ በየሳምንቱ ታራግፈዋለች። እስቲ አምጣው ይታይ።»

«አርጅቶ ነበር» አሉ ጋሽ ከድር። «ጣልኩት።»

«የት?»

«ጣልኩት አልኩህ እኮ፣ ዮሐንስ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አቶ ሹራሞ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «ከድር፣ አንተን የሚያድነውን ዕቃ አንተ ጣልከው? ይሄ ነገር እኔን ደስ አላለኝም» አሉ። ጋሽ ከድር ጨርቅ አንስተው ፒስተኖቹን መጥረግ ጀመሩ። ደረታቸው ላይ ቱታው እብጥ ብሎ ይታየኛል። እጃቸውን ቢሰዱ ስማቸው ይመለሳል፤ እጃቸውን አልሰደዱም። ለአንዲት ዓሣ ዓሣ ለምትሸት ልጅ ብለው ከአገር ሊወጡ ነው።

«እኔ አጥቤው ነው!» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። «በሳሙና አጠብኩት፣ ተቀደደ፣ ሰፋሁት። እሳቸው አልጣሉትም፤ ደብቀውልኝ ነው!» ከዚያ ለቅሶዬን ለቀቅሁት።

ጋሽ ከድር ፊልትሮውን ቀስ ብለው አወጡት። ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አቶ ሹራሞ ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ስፌቱን መረመሩና «ዳንቻ!» አሉ በሲዳምኛ፣ ጥሩ ነው ለማለት፤ «ስፌቱስ ጥሩ ነበር!» ሁለቱ ጎረቤቶቻችን ሳቃቸውን መቆጣጠር አልቻሉም። አባቴ ግን አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ ለጎማ ማስደገፊያ የተቀመጠውን ድንጋይ አነሳ። እኔ ለኔ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ጋሽ ከድር ፊት ተጎንብሷል።

«ተው ዮሐንስ! ኧረ በአላህ!» አሉ ጋሽ ከድር። ድንጋዩን በሁለት እጃቸው አንስተው ጣሉና ትከሻውን አቀፉት። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ሰኞ ጠዋት አባቴ እጄን ይዞ አሞራ ገደል ወሰደኝ። በሰው ፊት ሊያዋርደኝ ነው ብዬ እየተጎተትኩ ሄድኩ። እሱ ግን ሾፌሮቹን ሰብስቦ «ሞተሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። የኔን ሥራ ለልጅ ትቼ አንድ ቀን እንኳ አላየሁትም። ከድርን ያማሁት በሐሰት ነው» አላቸው። የኔን ስም አላነሳም። ቤት ስንመለስ ግን «ማጠብሽ አላናደደኝም፤ የደበቅሽኝ ነው ያናደደኝ» ብሎ አንድ ሳምንት ሙሉ አኮረፈኝ። ይገባኝ ነበር።

መኪናዋ ብዙ ወር ቆመች፤ ጎረቤት ባያበላን ኖሮ ያን ክረምት አንወጣውም ነበር። በኋላ ግን ጋሽ ከድር ከዚህም ከዚያም ፈላልገው ሞተሩን እንደገና ሠሩት። በወረቀቱ ፊልትሮ ፋንታ ከወደቀ ትራክተር ላይ የፈቱትን ገጠሙለት፤ ከሥሩ ዘይት የሚይዝ ቆርቆሮ፣ ውስጡ የተጠቀለለ ሽቦ ያለበት። አባቴን ትተው እኔን ጠሩኝና «ይሄኛው ይታጠባል። በናፍጣ እንጂ በሳሙና አይደለም፤ እንዳሻሽ እጠቢው» ብለው እጄ ላይ አስቀመጡት። ሁለተኛ ማንም ምንም የማያምነኝ መስሎኝ ስለነበር ያን ቆርቆሮ ታቅፌ ቆሜ ቀረሁ።

ዛሬ የሐዋሳ የመለዋወጫ ሱቆች ፊልትሮ እስከ ጣሪያ ደርድረዋል፤ ያረጀው ይጣላል፣ አዲሱ ይገባል፣ ማንም ጎማ ላይ አያንኳኳም። ያ የእጥረትና የፍርሃት ዘመን ይመለስ አልልም፤ ማን ይወደዋል! ግን ዛሬ ሰው ጥፋት ሲገኝበት ስልክ ተይዞ ፎቶ ሲነሳ፣ ስሙ እስከ ማታ አገር ሲዞር ባየሁ ቁጥር፣ ሊያድናቸው የሚችለውን ማስረጃ ደረታቸው ውስጥ የሸጎጡት ሰውዬ ይመጡብኛል። ጥፋቴን «የኔ ነው» ብሎ የተሸከመው አባቴም ይመጣብኛል። በእነዚህ ሁለት ሰዎች መካከል ስላደግሁ አምላኬን አመሰግናለሁ።

አባቴ ካረፈ በኋላ አንድ ቀን ጋሽ ከድርን ቤታቸው ሄጄ ጠየቅኋቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ ነው የለዩኝ። «ጋሽ ከድር፣ ያን ቀን ለምን ደበቁልኝ? ስምዎ ሊጠፋ እኮ ነበር» አልኳቸው።

«ስሜንማ አንድ መኪና አሳምሬ ብሠራ አገኘዋለሁ» አሉኝ። «አንቺ ግን አባትሽን ልታግዢ ብለሽ ነው እጅሽን ያስገባሽው። እጅሽን ብናስደነግጠው፣ ሁለተኛ ለማን ትዘረጊው ነበር?»

ጉልበታቸውን ስሜ፣ ስንት ዓመት ሙሉ ያልወጣኝን «አመሰግናለሁ» አልኳቸው። እሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ ጓዳ አዙረው «ልጆች! የዮሐንስ ልጅ መጥታለች፤ ምሳ አቅርቡላት!» ብለው ጮኹ።