ፊቱ ዝቅ የተደረገው ሞተር

«ሴት ስለሆነች ነው» አሉ። ይህን የሚሉ ሰዎች አፋቸው መቼ እንደሚዘጋ እንጃ! መድኃኒት አመላላሿን ሁላችንም «ሚጢጢ» እንላታለን፤ ቁመቷ አጭር፣ ምላሷ ረጅም ነው። ከጤና ጣቢያው ተነስታ፣ የኮረኮንቹን ቁልቁለት ወርዳ፣ ወንዝ ማዶ ላሉ በሽተኞች መድኃኒት በሞተር ብስክሌት የምታደርሰው እሷ ናት። ሰሞኑን ግን ፍጥነት ስትጨምር የሞተሩ መሪ በእጇ ላይ ይርገበገብ ጀመር። ትናንት ገደል ከመግባት ለጥቂት ተረፈች። አለቃዋ «ክንድሽ አልቻለም፤ ከእንግዲህ የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ይነዳል» ብሎ ቁልፉን ተቀበላት።

ክንዷ ምን ሆነና! ስትቆም እግሯ መሬት አልደርስ እያለ ሰው ሲስቅባት፣ መካኒክ ወንድሟን «ጋሼ፣ ዝቅ አርግልኝ» አለችው። እሱም የፊት ጎማውን ንጠት የሚያበርዱትን አሞርዛተሮች ማሰሪያ አላልቶ፣ ሁለቱን ቱቦዎቻቸውን ወደ ላይ አሾልኮ መልሶ አጠበቀ፤ የሞተሩ ፊት ዝቅ አለ። እዚህ ለአጭር ሰው ሁሉ የሚደረገው ይኸው ነው፤ ኋላውን የሚነካ የለም። እንዲህ የተደረገ ሞተር ኩርባ ላይ ቀለል ብሎ ስለሚታጠፍ ሁሉም ይወደዋል። ግን አፍንጫውን የደፋ ሞተር ኮረኮንች ላይ ሲፈጥን ቀጥ ብሎ መሄድ ያቅተዋል። ይህን ለማወቅ የግድ ሰው መሞት አለበት?

ዛሬ ጠዋት ንብረት ክፍሉ ሞተሩን አስነሳ። ሚጢጢ የወንድሟን ክንድ ያዘች።

«ንገራቸው!»

«የመሥሪያ ቤት ንብረት ነካካህ ይሉኛል። ቀስ ብሎ ይነዳል ባክሽ።»

«እሱ? ለምሳ ሲወጣ እንዴት እንደሚበር አላየህም?»

ሞተሩ ተንቀሳቀሰ። ሮጣ የኋላውን ብረት ጨብጣ ተንጠለጠለች።

«ልቀቂ! ምን ያስቀናሻል?» አለ ንብረት ክፍሉ።

«ቀንቼ ቢሆንማ መርቄ እሸኝህ ነበር!»

ሞተሩ ሲቆም በሩ ላይ ለቆመው አለቃ ሁሉንም ዘረገፈችው። አለቃው ዞሮ መካኒኩን አየው። መካኒኩ ግንባሩን በዘይታም እጁ ጠረገና «እኔ ነኝ» አለ። ከዚያ የብሎን መፍቻውን አንስቶ ቱቦዎቹን ወደ ድሮ ቦታቸው መለሰ።

«አሁን አንቺው ቁልቁለቱን ውረጂ» አለ አለቃው፤ «ካርገበገበሽ አበቃ።»

ወረደች። ወንድሟ ማየት ፈርቶ አጠገቤ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ።

«መሪውስ?» አለኝ።

«ዝም ብሏል፤ አይርገበገብም።»

«አሁንስ?»

«ዝም ብሏል አልኩህ!»

ታች ደርሳ ፍሬን ያዘች። እግሯ መሬት ፈልጎ አጣና ከነሞተሩ እንደ ጆንያ ዘጭ አለች። ሮጠን ደረስን።

«ተሰበርሽ?»

«ተዉኝ! ቆሜ ነው የወደቅኩት፤ ስነዳ አይደለም!»

ንብረት ክፍሉ ሞተሩን እያነሳ «የመቀመጫውን ስፖንጅ ቀነስ ብታደርጉላትስ?» አለ። ወንድምና እህት ተያዩ። አለቃው ፊቱን እንዳኮሳተረ የመድኃኒቱን ቦርሳ ትከሻዋ ላይ አንጠለጠለ። ስፖንጁ ስትመለስ ይቀነስ፤ በሽተኛ እየጠበቀ ነው፣ ትሂድ እንጂ!