ገንዘቡ መጣ፣ በላተኛው ቀረ

ትናንት መኪና ውስጥ ሬዲዮ ስሰማ ሁለት ምሁራን በኮሮና ጊዜ መንግሥት የረጨው ገንዘብ የኦሃዮን ኢኮኖሚ አድኗል፣ አላዳነም እያሉ ይሟገታሉ። እስከ ግማሽ መንገድ ሰማኋቸው። አንዳቸውም ግን ምሳ ስለሚበላ ሰው አላነሡም። ንድድ አለኝና አጠፋሁት።

ያኔ ገና ሃያን ያለፍኩ ልጅ ነበርኩ። ዲቪ ደርሶኝ ኮሎምበስ ከገባሁ ብዙም አልቆየሁም። ኒር ኢስት ሳይድ በሚባለው ሰፈር፣ ወደ ዳውንታውን ጠጋ ብሎ፣ እትዬ አልማዝ ምግብ ቤት ውስጥ አስተናግድ ነበር። እንጀራችን የምሳ ቡፌው ነው። በአካባቢው ካሉት ቢሮዎች ሠራተኛው ግር ብሎ ይመጣል፤ ምስር ወጡ፣ ጎመኑ፣ ጥብሱ የምሳ ሰዓት ሳያልፍ ሙልጭ ይል ነበር።

ኮሮና ሲመጣ ቢሮዎቹ ተዘጉ፤ እኛም ዘጋን። በሁለተኛው ዓመት፣ በረዶው መቅለጥ ሲጀምር፣ እትዬ አልማዝ ኮል አደረጉልኝ።

«ልጄ፣ ሪሊፉ፣ የመንግሥት ድጎማው፣ ተፈቀደልኝ! ሠራተኛ እስካልቀነስኩ ድረስ ደሞዛችሁን መንግሥት ይሸፍናል። ነገ ነይ!»

እየበረርኩ ሄድኩ። እኔና ወጥ ሠሪዋ ሙሉ፣ ለጊዜው ቴክአውት፣ ተጠቅልሎ የሚወሰድ ብቻ፣ እየሸጥን እንቆያለን ብለን ነበር። ኧረ ወዲያ! እትዬ አልማዝ ጴንጤ ናቸው፤ ሳይሠሩ የሚበሉት ገንዘብ አይዋጥላቸውም። ቡፌው እንደ ድሮው ካልተዘረጋ አሉ። በየቀኑ ሽንኩርት ስንከትፍ፣ ትሪ ስንሞላ፣ ሰው የማይቀመጥበትን ጠረጴዛ ስንወለውል እንውላለን። ማንም የለም። ከሰዓት በኋላ ምግቡን በፎይል እየጠቀለልን ለቸርች ሰዎች እንልካለን።

አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀ። «እትዬ፣ ሰው እኮ የለም! ለማን ነው የምንሠራው?»

«የተሰጠን እንድንሠራ ነው። ቢሮው ሲከፈት ተዘግተን ቢያገኙንስ? ሌላ ቤት ይለምዳሉ።»

«መቼ ነው የሚከፈተው?»

«ጌታ ያውቃል።»

በግኜ ወደ ጓዳ ገባሁ።

መጀመሪያ የተሰላቸችው ሙሉ ናት። ሪከንባከር የሚባል ቦታ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን፣ ተቀጥራ፣ ሰዉ መንግሥት ለየቤቱ ባደለው ገንዘብ ኦንላይን የሚያዘውን ዕቃ ታሽግ ጀመር። ደሞዟም ከኛ ይሻላል። ሰው ቴሌቪዥን ይገዛል፣ ትሬድሚል ይገዛል፤ እኛ ጋ መጥቶ አንድ ምሳ የሚበላ ግን ጠፋ!

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር በሩ ተከፈተ። ድሮ ሁልጊዜ ሐሙስ ከቢሮ ጓደኞቿ ጋር የምትመጣ አሜሪካዊት ደንበኛችን ናት። እትዬ አልማዝ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። ሳህኗን ራሳቸው ሞሉላት።

«ቢሮው ተከፈተ?» አሏት።

«ኧረ የለም፣ የቀረ ዕቃዬን ልወስድ ነው የመጣሁት» አለች፣ ደስታዋን መደበቅ አቅቷት። «ከእንግዲህ እስከመጨረሻው ከቤት ሥሩ ተባልን። ሕንፃውንም ሊለቁት ነው። እናንተን ግን መንግሥት ረድቷችኋል አይደል? ደስ ሲል!»

ደስ ሲል! ሳህኑን አናቷ ላይ ብደፋው ደስ ባለኝ። እትዬ አልማዝ ግን ፈገግ ብለው «መሰናበቻሽ ነው» አሉና ሂሳብ አልቀበልም አሏት። በዕለቱ የመጣችውን አንዷን ከፋይ! እስከ በር ሸኝተዋት ተመለሱ፤ ከዚያ ከትሪዎቹ ሥር ያለውን እሳት አጠፉ። አላለቀሱም። በንዴት ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ብዙም ሳይቆይ ቤቱ ተዘጋ።

ዛሬ እትዬ አልማዝ እዚሁ ኮሎምበስ አጠገብ፣ ቤክስሊ ውስጥ አረጋውያን ይንከባከባሉ። ባለፈው እሑድ ቤታቸው ሳደርሳቸው፣ ለትንንሽ ንግዶች ብድር ይሰጣል ሲባል ሰምቼ ስለነበር እንደገና እንዲከፍቱ ወተወትኳቸው።

«ገንዘብማ ያኔም ነበር፣ ልጄ» አሉኝ። «እኔን የገደለኝ ምግብ ሠርቶ በር በሩን ማየት ነው። ያንን ሁለተኛ አልችለውም።»

ያ ገንዘብ እኔን አብልቶኛል፣ አልክድም። እሳቸውን ግን የማይመጣ ሰው ሲያስጠብቃቸው ከረመ። ባይሰጣቸው ኖሮ ያኔውኑ ቁርጣቸውን አውቀው ሌላ ሥራ ይጀምሩ ነበር እላለሁ፤ ደግሞ መልሼ፣ ባይሰጣቸው እኔ ምን እበላ ነበር እላለሁ። ይኸው ነው እስከ ዛሬ የሚያበግነኝ።