ጤፍ ውስጥ የተቀበረው ላፕቶፕ

የባሌ ታላቅ እህት ከሸነን ስትመጣ አስቀድማ አትደውልም። ሸነን አግብታ፣ እዚያው ወልዳ፣ እዚያው ነግዳ የኖረች ሴት ናት፤ አምቦ ያለውን ቤት ግን ወንድሟ ስለሠራው የራሷ አድርጋ ነው የምታየው። ወንድሟ ከሞተ በኋላም ሐሳቧ አልተለወጠም። በፊቷ እትዬ እላታለሁ፣ አንቱ እላታለሁ። ጽሑፍ ላይ የሚያስገድደኝ ስለሌለ እዚህ እሷ ብያት አልፋለሁ።

ያን ቅዳሜ የመጣችው ልጄ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቷን ልታስገባ በተቃረበችበት ሰሞን ነው። ማስገቢያው ሰኞ ነበር። ካለፋት በዚያ ዓመት አትመረቅም። በእኛ በኩል ኢንተርኔት ከተዘጋ ሰንብቷል፤ ስለዚህ ኢሜይል የለም፣ ሌላ ቦታ ማስቀመጥም የለም። ፍላሽ ነበራት፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ሰክተውት ቫይረስ ይዞ መጥቶ የያዘውን ሁሉ አበላሸባት። ጥናቱ የነበረው ላፕቶፑ ላይ ብቻ ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት የመጨረሻውን ምዕራፍ ስታርም ቆይታ፣ አማካሪዋ ስለጠራት “መጣሁ” ብላ ሳትዘጋው ወደ ዩኒቨርሲቲ ወጣች። ላፕቶፑ ሳሎን፣ ጠረጴዛው ላይ እንደበራ ቀረ።

እኔ ጓሮ ልብስ ሳሰጣ ነው እትዬ የገባችው። ቅርጫቱን ይዤ ስመለስ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። ተሳሳምን። የሸነኖቹን ሁሉ ደኅንነት ጠየቅኳት። ጠረጴዛው ርጥብ ነበር።

“አቧራ ይዞ ነበር፣ ጠረግሁልሽ” አለችኝ።

እሷ በመጣች ቁጥር ቤቴ አቧራ አያጣም። ላፕቶፑን ስላላየሁት ልጄ ተመልሳ ወስዳው ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ምሳ አቀረብኩ፣ በላን። ስለ እህል ዋጋ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ልጆቿ አወራችኝ። አንድም ጊዜ ድምፅዋ አልተለወጠም። እኔን እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ይኼ ነው፤ ቁጭ ብላ መብላቷ።

ከሰዓት በኋላ ልጄ ገባች። አክስቷን ሳመች፣ ጠረጴዛውን አየች።

“እማ፣ ላፕቶፔን የት አነሣሽው?”

“እኔ አላነሣሁም። ይዘሽው የሄድሽ መስሎኝ።”

እትዬ ነጠላዋን አስተካከለች። “ጤፉ ውስጥ ነው” አለች።

“ምኑ ውስጥ?”

“ጓዳ ያለው ጤፍ ውስጥ ነዋ። ትንሽ ውሃ ነክቶት ነበር። እስኪደርቅ ብዬ ነው።”

ነገሩን አንድ በአንድ አወጣነው። ከመናኸሪያው አንድ ጠርሙስ ጋዝ ያለው ውሃ ገዝታለች። በፀሐይ፣ በፌስታል እያወዛወዘች ቤት ድረስ አምጥታ፣ ጠረጴዛው አጠገብ ቆማ በአንድ ጊዜ ከፈተችው። ከሩቅ የመጣ እንግዳ እንዲህ ቢያደርግ አይፈረድበትም። አምቦ ተወልዳ ያደገች ሴት ግን ይህን ውሃ ክዳኑን ላላ አድርጋ፣ አስተንፍሳ እንደምትከፍት ከልጅነቷ ታውቃለች። ውሃው ገንፍሎ የላፕቶፑ ፊደሎች ላይ ፈሰሰ። በነጠላዋ ጠራረገችው፣ ገመዱን ነቀለች፣ ክዳኑን ከደነችው። ሸነን የጎረቤቷ ስልክ ውሃ ውስጥ ወድቆ ሩዝ ውስጥ ተቀብሮ ድኗል ሲባል ሰምታለች። ጓዳ ገብታ ሩዝ ፈለገች።

“ሩዝ አጣሁ። እህል እህል ነው ብዬ ነው” አለች።

“ሽሮም ነበረልዎት እትዬ። ለምን ተዉት?” አልኳት።

ልጄ ግን አልሰማችንም። ጓዳ ገብታ ከረጢቱ ውስጥ እጇን እስከ ክንዷ ከታ እየፈለገች ነበር። ላፕቶፑ ሲወጣ ትኩስ ነው። ሳይጠፋ ነበር የተቀበረው፤ የውስጡ ማራገቢያ አየር እስባለሁ ብሎ ጤፍ ሲስብ ውሏል። ጎኑ ላይ ያለችው መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። ልጄ ቁልፉን ተጭና አጠፋችው። ወዲያው ደግሞ መልሳ ልታበራው ጣቷን ሰደደች፤ ያዝኳት።

“አታብሪው” አልኳት።

“እማ፣ ፋይሉ መኖሩን ብቻ ልይ።”

“ርጥብ እያለ ካበራሽው ያለውም ይጠፋል።”

ይህን የማውቀው ከመሥሪያ ቤት ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ነበርኩ። አንድ ክረምት ጣሪያው አፍስሶ ኮምፒውተሮቹ ላይ ወረደ። ቸኩለን ያበራነው እዚያው ተቃጠለ፤ ሳንነካ የተውነው ተረፈ። ላፕቶፑን ከፍተን ሰፌድ ላይ በአፉ ደፋነው። ውሃው ጠብ ጠብ አለ፣ ጤፉም ከጎን ከጎኑ እየተንጠባጠበ ወረደ። የተቀረው ርሶ ከውስጥ ተጣብቋል። ልጄ በጥርስ መፋቂያ ለማውጣት ሞከረች፤ አልላቀቅ አላት።

ጥገና ቤቱ ሳይዘጋ እንድረስ ብለን በሰፌዱ እንደተደፋ ባጃጅ ላይ ወጣን። እትዬ ሳትጠራ ተከትላን ወጣች። “እኔም እሄዳለሁ” አለች። ከጎናችንም ተቀመጠች።

ጠጋኙ ስልክም ላፕቶፕም የሚሠራ ሰው ነው። “አካም ኦልተን፣ አዴ” ብሎ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥቶ ተቀበለን። ብሎኖቹን ፈትቶ ሆዱን ሲከፍተው እጁ ቆመ። አንድ ርጥብ ፍሬ በጣቱ አንሥቶ ወደ መብራቱ አስጠጋው።

“ይኼ ጤፍ ነው?”

“ጤፍ ነው” አልኩት።

“ማን ነው ያቦካው? እርሾ ብቻ ነው የቀረው።”

እሱ ሳቀ። ከእኛ የሳቀ ስላልነበረ አቋረጠ። ባትሪውን ነቀለና በብሩሽ መጥረግ ጀመረ። ውሃው ንጹሕ ውሃ ቢሆን ይሻል ነበር አለን፤ ይህ ሲደርቅ ጨው ይተዋል። የማሽኑን የውስጥ ሰሌዳ ዘቅዝቆ አሳየን። ብረቶቹ ላይ ነጭ ነገር ይዟል፣ አንድ ጥግ ጠቁሯል። “ማሽኑ ሄዷል” አለ። “ሃርድ ዲስኩን አውጥቼ ልሞክር። እሱ ከተረፈ ሥራሽ አለ፤ ካልተረፈ የለም። ትንሽ ጠብቁኝ።”

በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ልጄ ሁለት እጆቿን ጉልበቶቿ መሀል ከታ መሬት መሬት ታያለች። ይህች ልጅ ቀን እያስተማረች ማታ የተማረች ናት። እኔ ከእሷ ጋር ቁጭ ብዬ አምሽቻለሁ፤ የሚገባኝ ነገር ኖሮ ሳይሆን ብቻዋን እንዳትሆን ነው። መጀመሪያ የተናገረችው እትዬ ነበረች።

“ዘንድሮ ባይሆን ለከርሞ ነው” አለች። “ሥራ እንደሆነ አላት። ምን ይመጣል?”

ብዙ ነገር ችዬ አልፌአለሁ። ይህን ግን በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ቃል አንድ ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

“እትዬ፣ ለእኔም ያን ጊዜ ለከርሞ ነው ብለውኝ ነበር።”

“መቼ?”

“እናትዎ የተኙ ጊዜ።”

ዞር ብላ መንገዱን አየች። ልጄ ቀና አለች። ይህን ታሪክ ነግሬያት አላውቅም።

ትዳር ከያዝኩ ብዙም ሳልቆይ መምህራን ማሠልጠኛ ተቀብሎኝ ነበር። ባሌ ሂጂ ብሎኛል፤ ሻንጣ ሁሉ ገዝቶልኛል። ከዚያ እናቱን ግራ ጎናቸውን ሽባ አደረጋቸው። እትዬ ከሸነን መጥታ ወንድሟን ጓሮ ወስዳ አነጋገረችው። ሲመለስ ፊቴን አላየም። እሷ ግን አየችኝ። “እናታችንን ማን ያገላብጣታል? ዘንድሮ ባይሆን ለከርሞ ነው” አለችኝ። ከርሞ ሌላ ከርሞ ወለደ። አማቴን አጥቤ፣ አጉርሼ፣ አገላብጬ እስኪሞቱ ያዝኳቸው፤ በእሳቸው ቅሬታ የለኝም። ሴት ልጃቸው ለገናና ለፋሲካ ትመጣለች። ከመኝታ ቤቱ በር ላይ ቆማ “እንዴት አደረች?” ትላለች። እኔን ነው የምትጠይቀው። በቀብሩ ላይ ከሁሉ በላይ ያለቀሰችው እሷ ናት፤ ሰውም ደግ ልጅ ብሎ መሰከረላት።

“እሱን እስከ ዛሬ አልረሳሽውም?” አለች እትዬ።

“የሚረሳ አይደለም።”

“ብትሄጂ ወንድሜ ሌላ ያገባ ነበር። ያን ጊዜ ወንድ ብቻውን አይቀመጥም። እኔ ትዳርሽን ነው ያዳንኩልሽ።”

“ያግባ ነበራ” አልኳት። “አስተማሪ ሆኜ ይተወኝ ነበር።”

ይቅርታ አልጠበቅሁም፤ አልመጣምም። የነጠላዋን ጫፍ፣ ያንኑ ላፕቶፑን የጠረገችበትን፣ በጣቷ ስትጠቀልልና ስትፈታ ነበር። ልጄ ሁለታችንንም አየችን፣ ከዚያ ተነሥታ ገብታ ጠጋኙ አጠገብ ቆመች።

ቆይቶ ጠራን። ሃርድ ዲስኩን ሌላ ማሽን ላይ በገመድ ሰክቶታል። መጀመሪያ ምንም አልታየም። ነቅሎ መልሶ ሰካው። ከዚያ ፎልደሮቹ አንድ ባንድ መጡ። ልጄ ጥናቷን ራሷ ከፈተችው፤ ገጾቹን እስከ መጨረሻው ወደ ታች ነዳች። ሁሉም አለ፤ የመጨረሻው ምዕራፍ ግን ሳይታረም የነበረው ነው። ጠዋት የሠራችውን አላስቀመጠችውም ነበር። አማካሪዋ በቀይ ብዕር የሞላው ወረቀት እጇ ላይ ስላለ እንደገና መጻፍ ይቻላል። የቀረን ጊዜ ግን ያ ቅዳሜ ምሽትና እሑድ ብቻ ነው።

ከጓደኛዋ ላፕቶፕ ተዋስን፤ ጠጋኙም ጥናቱን ገለበጠበት። እሷ ወረቀቱን ይዛ ታነባለች፣ ያስተካከለችውን ትነግረኛለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የሌላ ሰው ደብዳቤ ስጽፍ የኖርኩ ነኝ። የአለቆች ትእዛዝ፣ የዝውውር፣ የማስጠንቀቂያ። በአማርኛም በኦሮምኛው ቁቤም። የጥናቱን እንግሊዝኛ ትርጉሙ ሳይገባኝ ፊደል በፊደል ጻፍኩት፤ ጣቶቼ አልተሳሳቱም። ልጄ አንድ ቦታ ላይ ማንበቧን አቆመች።

“እማ፣ ለምን አልነገርሽኝም?”

“አንብቢ፣ እየመሸ ነው” አልኳት።

እትዬ ጓዳ ነበረች። ማንም ሳያዛት ወጥ ሠራች፣ ዕቃ አጠበች፣ ልብሴን ከገመዱ አወረደች። እሑድ ቀን ሳሎን በር ላይ መጥታ ቆመች።

“ምሳ ደርሷል።”

“ይቆይ” አልኳት፣ ቀና ሳልል። እሺ ብላ ተመለሰች። ወጡን ደጋግማ ስታሞቀው እሰማ ነበር። ያን ጤፍ ነፍታ፣ አበጥራ፣ ከረጢቱን አሥራ አስቀመጠችልኝ። አላስፈጨሁትም።

ሰኞ ልጄ አሳትማ፣ አስጠርዛ አስገባች። ከዩኒቨርሲቲው ደውላ “ተቀበሉኝ” ስትል እትዬ አጠገቤ ነበረች፤ ሰማች። “ተመስገን” አለች። እኔም አልኩ። በአንድ ነገር የተስማማነው ያን ጊዜ ብቻ ይመስለኛል።

ወዲያው ዕቃዋን አነሣች። እንግዳ መናኸሪያ ድረስ ተሸኝቶ፣ መኪና ላይ ተሳፍሮ፣ መኪናው ሲነቃነቅ ነው ሸኚ የሚመለሰው። እሷን ባለፉት ዓመታት ሁሉ እንዲህ ነው የሸኘኋት፤ ቦርሳዋን ተሸክሜ። ያን ዕለት ቦርሳዋን እስከ ውጭው በር ያዝኩላትና ሰጠኋት።

“አትመጪም?” አለችኝ።

“ደክሞኛል እትዬ። በሰላም ይግቡ።”

ቦርሳዋን ተቀበለችኝ። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ቁልቁል ወረደች። መታጠፊያው ጋ እስክትደርስ አየኋትና በሩን ዘጋሁ።